የሚጮኸው ኮምፕሬሰርና ዋጋ ያልተቆረጠለት ምርመራ

በአገራችን ጋራዦች ያለ ክርክር ገንዘብ የሚከፈልባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ መለዋወጫ ነው፤ ሌላው ያንን መለዋወጫ ፈትቶ የመግጠም የእጅ ዋጋ ነው። ሦስተኛው ሥራ፣ ማለትም ብልሽቱ ከየት እንደመጣ ፈልጎ የማግኘቱ ሥራ፣ ዋጋ አልተቆረጠለትም። «እስቲ አንዴ እየው» ተብሎ በነጻ ይጠየቃል፤ ቆሞ በማዳመጥ ብቻ በነጻ ይመለሳል። በነጻ የተገኘው መልስ ግን ብዙ ጊዜ ከሁሉም የበለጠ ውድ ሆኖ ያርፋል። ለዚህ ከአሮጌ የቅንጦት መኪና የአየር ኮምፕሬሰር የተሻለ ማሳያ ማግኘት ይከብዳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አብዛኛው መኪና የሚቆመው በብረት ሞላ ወይም በባሌስትራ ላይ ነው። አንዳንድ የቅንጦት መኪናዎች ግን በብረቱ ፋንታ አየር በተሞላ የላስቲክ ከረጢት ላይ ይቆማሉ። እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2005 የተመረተው መርሴዲስ ኤስ ክላስ፣ ከ2002 ወዲህ የወጣው ሬንጅ ሮቨር፣ ዲስከቨሪ 3፣ የተወሰኑ የሌክሰስ ሞዴሎች የዚህ ቤተሰብ ናቸው። ከፍ ያለ ደረጃ ያላቸው አንዳንድ ፕራዶዎችም የኋላ እግራቸው በአየር የሚሠራ ነው።

አሠራሩ ውስብስብ አይደለም። ትንሽ የኤሌክትሪክ ኮምፕሬሰር አየር ከውጭ ስቦ ይጨምቃል። የተጨመቀው አየር እርጥበት በሚመጥጡ ጥቃቅን እንክብሎች በተሞላ ማድረቂያ ውስጥ ያልፋል። ከዚያ የቫልቭ ሳጥን ለየእግሩ ያከፋፍለዋል። በየእግሩ ያሉ የከፍታ ሴንሰሮች መኪናው ምን ያህል እንደተነሳ ለኮምፒውተሩ ይነግሩታል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ኮምፕሬሰሩን «ሥራ» ወይም «ቁም» ይለዋል። ሁሉም ነገር ጤነኛ ሲሆን ኮምፕሬሰሩ ለአጭር ጊዜ ይሠራና ዝም ይላል። የተሠራውም ለዚሁ ነው። ለረጅም ጊዜ ያለ ዕረፍት ከሠራ ይግላል፤ እየጋለ በሠራ ቁጥር ደግሞ ዕድሜው ያጥራል።

እንግዲህ ይህ ኮምፕሬሰር አንድ ቀን መጮህ ይጀምራል እንበል። ባለመኪናው ጋራዥ ይወስደዋል። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ያዳምጥና «ኮምፕሬሰሩ ሄዷል፤ ይቀየር» ይላል። ባለመኪናው አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ሶማሌ ተራ እንዲዞርለት ይደውላል፤ እዚያ ከጠፋ ዱባይ ወይም አሜሪካ ያለ ሰው ይፈለጋል። ዕቃው በስንት ልመና ደርሶ ይገጠማል። ጩኸቱ ይጠፋል፤ ሁሉም ይመሰጋገናል። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን አዲሱም መጮህ ይጀምራል። ያን ጊዜ የሚሰማው ፍርድ የታወቀ ነው፤ «ፎርጅድ ሸጡልህ»።

ሊሆን ይችላል፤ ፎርጅድ ዕቃ በገበያው ሞልቷል። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ኮምፕሬሰር የገደለው ነገር ሁለተኛውንም ገድሎት ነው። አንዱ ከረጢት በቀጭን ስንጥቅ አየር ያስወጣል። ኮምፕሬሰሩ የወጣውን ለመተካት ቀን ከሌት ይሠራል፤ ይግላል፣ ያረጃል፣ ይጮኻል። ኮምፕሬሰሩ የሚጮኸው የሌላውን በሽታ ተሸክሞ ነው። እሱን ብቻ መቀየር በሚያፈስ እንስራ ውሃ የምታመላልሰውን ሴት «ደከመሽ» ብሎ በሌላ ሴት እንደመተካት ነው። ሁለተኛዋም ትደክማለች።

ድምፅ መረጃ ነው፤ ግን መነበብ አለበት። ሁሉም ጩኸት አንድ አይደለም።

በመኪናው አካል ሁሉ የሚያስተጋባ፣ ወለሉን የሚያንቀጠቅጥ ጉምጉምታ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኮምፕሬሰሩ የተቀመጠበት ጎሚኒ ነው። ላስቲኩ ሲደርቅና ሲበጠስ ኮምፕሬሰሩ ከብረት ጋር ይጋጫል። በዚህ ጊዜ ፓምፑ ራሱ ፍጹም ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱም ጥቂት ላስቲክና ብሎን ማጥበቅ ነው። እንደ ኳኳታ ያለ፣ ከፒስተኑ ምት ጋር አብሮ የሚሄድ ድምፅ ከሆነ የፒስተኑ ቀለበት ወይም ኩሽኔታው መበላቱን ይናገራል። ያን ጊዜም ቢሆን ለብዙዎቹ ሞዴሎች ቀለበቱ ለብቻው ስለሚሸጥ ሙሉ ኮምፕሬሰር መግዛት ግድ አይደለም። ድምፁ የተለመደው ሆኖ ቆይታው ብቻ ከረዘመ ነገሩ ወደ አየር መፍሰስ ወይም ወደ አቅም ማነስ ያመለክታል። ሥራውን ሲጨርስ አንዴ «ጭስስ» ብሎ ማስተንፈሱ ጤና ነው፤ ፉጨቱ ካላቋረጠ ግን በሽታ ነው። መኪናው ጠፍቶ እንኳ ሳያቋርጥ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ የሪሌው እግር ተጣብቆ ቀርቶ ይሆናል። በጣም ርካሽ የሆነች ሪሌ በጣም ውድ የሆነ ኮምፕሬሰር ታቃጥላለች።

እዚህ ላይ የጎጃም ደጋ የራሱ ጉዳይ አለው። ደብረ ማርቆስ ከባህር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባህር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ኮምፕሬሰሩ በአንድ ምት የሚስበው አየር በዚያው ልክ የሳሳ ነው። ስለዚህ ያንኑ መኪና ወደዚያው ቁመት ለማንሳት በግምት ሩብ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ተጨማሪ ጊዜ መሥራት አለበት። ይህ ብልሽት አይደለም፤ የአገሩ ጠባይ ነው። የጀርመን ወይም የእንግሊዝ መመሪያ «በዚህን ያህል ሰከንድ መነሳት አለበት» ሲል የጻፈውን ቁጥር ደብረ ማርቆስ ላይ እንዳለ የሚጠቀም ባለሙያ ጤነኛውን ኮምፕሬሰር ሞቷል ብሎ ይፈርድበታል። በሌላ በኩል ደግሞ ትንሽ ማፍሰስ ባህር ወለል ላይ ካለ ከተማ ይልቅ እዚህ ኮምፕሬሰሩን ቶሎ ይጨርሰዋል። ሥራው ቀድሞውኑ ረዝሟልና።

የሙቀቱም ነገር እንዲሁ ነው። ከአዲስ አበባ የተነሳ መኪና ከጎሐ ጽዮን ወርዶ የዓባይን በረሃ አቋርጦ ደጀን ይወጣል። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ ያህል መውጣት ነው፤ ያውም በተሰነጣጠቀና በሚንሸራተት መንገድ ላይ። ከረጢቶቹ ግለው ደብረ ማርቆስ ይደርሳሉ፤ ሌሊት በደጋው ብርድ ይቀዘቅዛሉ። አየር ሲቀዘቅዝ ስለሚሸማቀቅ መኪናው ጠዋት በአራቱም እግር እኩል ጥቂት ዝቅ ብሎ ቢገኝና ኮምፕሬሰሩ ለአፍታ ቢሠራ የሚያስደነግጥ አይደለም። የሚያስደነግጠው አንዱ እግር ብቻ ወይም አንዱ ወገን ብቻ ተንበርክኮ ሲያድር ነው። ክረምት ላይ የመረሬው ጭቃ፣ በጋ ላይ አቧራው የኮምፕሬሰሩን መሳቢያ ማጣሪያ ይደፍኑታል። እንደ ኤስ ክላሱ ከፊት ፓራውልት ጀርባ ወይም እንደ ዲስከቨሪው ከመኪናው ሥር የተቀመጠ ኮምፕሬሰር ጭቃውን ፊት ለፊት ነው የሚቀበለው።

ታዲያ ምርመራው ምን ይጠይቃል? አብዛኛው ክፍል የሚጠይቀው ትዕግሥትና ሜትር ብቻ ነው።

መጀመሪያ መኪናው ማታ ደልዳላ ቦታ ላይ ይቆማል። ከእያንዳንዱ ጎማ መሃል ቀጥታ ወደ ላይ እስከ ጭቃ መከላከያው ጠርዝ ያለው ርቀት በአራቱም እግር ተለክቶ ይጻፋል። አንዳንድ መኪናዎች ቆመውም ሌሊት እየነቁ ራሳቸውን ስለሚያስተካክሉ የሥርዓቱ ፊውዝ ይነቀላል። ጠዋት እንደገና ይለካል። አንድ እግር ብቻ ከወረደ ጥርጣሬው በዚያ እግር ከረጢት፣ ቱቦ ወይም መጋጠሚያ ላይ ያርፋል። ሁለት እግሮች አብረው ከወረዱ የቫልቭ ሳጥኑ ይጠየቃል። ምንም ካልወረደ ደግሞ ከረጢቶቹ ነጻ ወጥተዋል፤ ጥያቄው ወደ ኮምፕሬሰሩ፣ ወደ ማድረቂያውና ወደ ኤሌክትሪኩ ይመለሳል። አንድ ሌሊትና አንድ ሜትር ብዙ ሺህ ብር የሚያወጣ ግምት ያስቀራሉ።

ቀጥሎ የሳሙና አረፋ አለ። በተጠረጠረው ከረጢት እጥፋት፣ በመጋጠሚያዎቹና በቫልቭ ሳጥኑ ላይ ይቀባል፤ አረፋው የሚያብጥበት ቦታ አየሩ የሚወጣበት ነው። ብዙ ጊዜ ስንጥቁ የሚገኘው ላስቲኩ ከሥር በሚታጠፍበት ቦታ ስለሆነ መኪናው ከፍም ዝቅም ብሎ ሁለቴ መታየት አለበት። ከዚያ ኮምፕሬሰሩ ለብቻው ይፈተናል። ሥርዓቱ በአግባቡ ከተነፈሰ በኋላ መውጫው ላይ የግፊት መለኪያ ይታሰራል። ግፊቱ ከፍ ብሎ ጸንቶ ከቆመ ፓምፑ በሕይወት አለ። ቆሞ ከቀረ ወይም ተመልሶ ከወረደ ቀለበቱ ወይም ማስተንፈሻ ቫልቩ ነው። ከማስተንፈሻው ነጭ ዱቄት ከወጣ የማድረቂያው እንክብሎች ተፈጭተዋል ማለት ነው፤ ያ ዱቄት ወደ ቫልቮቹ ከገባ ሌላ ጣጣ ያመጣል።

ስካነሩ የሚመጣው ከዚህ ጋር እንጂ በዚህ ፋንታ አይደለም። «ግፊቱ በተመደበው ጊዜ አልደረሰም» የሚል ኮድ ኮምፕሬሰሩ ደክሟል ማለትም፣ አየር ይፈሳል ማለትም፣ ማጣሪያው ተደፍኗል ማለትም ሊሆን ይችላል። ኮድ የሚነግረው የት መፈለግ እንዳለበት ነው፤ ፍርዱን የሚሰጠው ልኬቱ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በፍጹም መዘንጋት የለበትም። በአየር ላይ የቆመ መኪና በድንገት ሊወርድ ይችላል። በክሪክ ብቻ ተማምኖ፣ ጠንካራ የብረት መቆሚያ ሳያስገባ ከሥሩ የሚገባ መካኒክ ሕይወቱን በአንድ ያረጀ ላስቲክ ላይ እየጣለ ነው። አየር ያለበትን ቱቦ መፍታትም እንዲሁ አደጋ ነው።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለደብረ ማርቆስ እንግዳ የሆነ እውቀት እምብዛም የለም። ጎሚስታው ከመነዳሪውን ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚፈልገው በየቀኑ ነው። የከባድ መኪና መካኒኩ የአየር ፍሬን የት እንደሚያስወጣ በጆሮና በሳሙና ያገኛል፤ የፍሬኑ ኮምፕሬሰር፣ ማድረቂያና ቫልቭ ከቅንጦት መኪናው ጋር የአጎት ልጆች ናቸው። የጎደለው ይህን የለመደ ጥበብ ሰብስቦ በሥርዓት መጠቀምና «ይህ ሥራ ነው፤ ዋጋውም ይህን ያህል ነው» ማለት ነው።

ለምን አልተባለም? ጥፋቱ የአንድ ወገን አይደለም። ባለመኪናው ሁለት ሰዓት ፈልጎ «ኮምፕሬሰሩ ደህና ነው፤ ጎሚኒው ነው» ላለው መካኒክ «ታዲያ ምን ሠራህና?» ይለዋል። ሙሉ ኮምፕሬሰር ለቀየረለት ግን ሳያቅማማ ይከፍላል። መካኒኩም ሰው ነውና የሚከፈልበትን ይሠራል። በትክክል ያገኘ ሰው በትንሽ ገንዘብ ይሸኛል፤ ገምቶ የቀየረ ሰው በትልቅ ገንዘብ ይሸኛል። እንዲህ ያለ ገበያ ግምትን እየሸለመ ማስተዋልን ይቀጣል። ከዚያ በኋላ «ጥሩ መካኒክ ጠፋ» ብሎ ማማረር ራስን መታዘብ ነው።

ይህ ልማድ ድሮም ኪሳራ ነበር፤ አሁን ግን ኪሳራው ገዝፏል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በዕድሜ በገፉ መኪናዎች ላይ እጅግ ከባድ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በአማራ ክልል ደግሞ ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ባለው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ዕቃ በሰዓቱ አይደርስም። የእነዚህ ውሳኔዎችና ሁኔታዎች ትክክለኛነት ሌላ ክርክር ነው። ውጤታቸው ግን ግልጽ ነው፤ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ለረጅም ዓመታት መኖር አለበት፣ ያለ ምክንያት የተጣለ እያንዳንዱ መለዋወጫም በዶላር የተጣለ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይነሳሉ። ሁለቱም መልስ ይገባቸዋል።

የመጀመሪያው «ይህን ሁሉ ከመድከም አየሩን አውጥቶ ሞላ ማስገባት አይሻልም ወይ?» የሚል ነው። ለአንዳንዱ ይሻላል። ከረጢቶቹ በሙሉ አርጅተው፣ የመኪናው ዋጋ ጥገናውን የማይሸከም ከሆነ በሞላ መተካት የጤነኛ ሰው ውሳኔ ነው። መኪናው ግን አብሮት የተሠራውን ምቾት ያጣል፤ የማስጠንቀቂያ መብራቱም ካልተስተካከለ ሲበራ ይኖራል። ዋናው ቁም ነገር ግን ይህም ውሳኔ ከምርመራ በኋላ የሚመጣ መሆኑ ነው። በተበጠሰ ጎሚኒ ወይም በተጣበቀች ሪሌ ምክንያት አራት ደህና ከረጢት አውጥቶ መጣል ቁጠባ አይደለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የከበደ ነው። «ገበሬው ማዳበሪያ ባጣበት አገር የሀብታም መኪና ጩኸት ማንን ይገደዋል?» ይባላል። ኮምፕሬሰሩን እንደ አንድ ሰው ንብረት ብቻ ካዩት እውነት ነው። ገምቶ የመቀየር ልማድ ግን በቅንጦት መኪና አያበቃም። የወፍጮ ቤት ሞተር ሲጮህ፣ የመስኖ ፓምፕ ሲደክም፣ የጤና ጣቢያ ኦክስጅን ማምረቻ መሣሪያ ሲያጉረመርም የሚሰማው ያው «ሄዷል፤ ይቀየር» ነው። ያ የኦክስጅን መሣሪያ ውስጡ ቢታይ ኮምፕሬሰር፣ ማጣሪያ፣ ቫልቭና በእንክብል የተሞላ ቱቦ ነው። በመኪናው ላይ ሰዓት ይዞ መለካት የለመደ እጅ እዚያም ይለካል። በመኪናው ላይ መገመት የለመደ እጅ እዚያም ይገምታል፤ እዚያ ግን የሚጠብቀው ትንፋሽ ያጠረው ሕፃን ነው።

መፍትሔው አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አይጠይቅም። ጋራዦች ምርመራን ራሱን የቻለ አገልግሎት አድርገው ዋጋውን በግልጽ ይለጥፉ፤ ጥገናው እዚያው ከተሠራ የተወሰነው ይታሰብ። ውጤቱ በወረቀት ይሰጥ፤ የማታው ልክ፣ የጠዋቱ ልክ፣ የተገኘው ግፊት፣ የተፈተነውና ነጻ የወጣው ዕቃ ይጻፍበት። ባለመኪናው ወረቀቱን ይዞ ሌላ ጋራዥ ቢሄድ እንኳ መብቱ ነው፤ የከፈለው ለእውቀቱ ነውና። የወለቀው አሮጌ ዕቃ ለባለቤቱ ይመለስለት። የደብረ ማርቆስ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅን የመሰሉ ተቋማትም ተማሪውን ፈትቶ በመግጠም ብቻ ሳይሆን ሳይፈታ በማግኘት ይፈትኑት፤ የብቃት ምዘናው ይህን ይጠይቅ። በደጋው ላይ የኮምፕሬሰር መሙያ ጊዜ ስንት እንደሆነ የደብረ ማርቆስን ቁጥር ለክቶ መዝግቦ የያዘ ጋራዥ ከማንኛውም የውጭ መመሪያ የተሻለ መረጃ በእጁ ይኖረዋል።

ከባለመኪናው የሚጠበቀው ደግሞ አንድ ነገር ነው፤ «ምን ቀየርክ?» ከማለቱ በፊት «ምን አገኘህ?» ብሎ መጠየቅና ለመልሱ መክፈል።

የነዳጅ መኪና ዘመን ሲያልፍ ይህ ሁሉ አብሮ የሚያልፍ የሚመስለው ካለ ወደ አገር እየገቡ ካሉት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ውድ ውድ የሆኑትን ከሥር ይመልከት። አንዳንዶቹ የቆሙት በዚያው በአየር ከረጢት ላይ ነው። ሞተራቸው ዝም ያለ በመሆኑ የኮምፕሬሰራቸው ጩኸት ገና የበለጠ ይሰማል። ያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ የሚያስፈልጋት ማታ ለክቶ ጠዋት የሚመለስ መካኒክና ለዚያች ሌሊት የሚከፍል ባለመኪና ነው።